ውሃ ዛሬ አይለቀቅም

ቡኒ ካፖርት የለበሰው ሰው አሁንም ከኋላው ነው።

ላቀው ዞር አላለም። ከታክሲ ከወረደ ጀምሮ ሰውየውን ሁለት ጊዜ በሱቅ መስታወት ውስጥ አይቶታል፤ ሦስተኛ ማየት የፈሪ ነው። መዶሻና መሮ የታጨቀበትን የሸራ ቦርሳ በትከሻው አስተካከለና ሽሮ ሜዳ ሸማ ተራ ውስጥ ገባ። በግራም በቀኝም ጋቢና ነጠላ ተሰቅሏል። እዚህ መሃል ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው አያስጠረጥርም፤ ገበያተኛው ሁሉ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።

አምስተኛው ሱቅ።

ባለሱቁ ጉልላት ይባላል። በኅቡዕ ድርጅታቸው ውስጥ ግን ስሙ «ቱንቢ» ነው፤ ላቀው ደግሞ «ሲባጎ»። ስሞቹን ያወጣላቸው ሰው ግንበኛ ነበር። ባለፈው ጥር መንገድ ዳር ተጥሎ፣ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ተገኘ። በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር የጠዋት ወሬ ነው። አስከሬኑን ታያለህ፣ ምራቅህን ትውጣለህ፣ ወደ ሥራህ ትሄዳለህ።

«ጋቢ ነበር የፈለግሁት። ለአማቴ» አለ ላቀው።

«ቀጭን ነው ወፍራም?»

«ለሰኔ የሚሆን።»

«ለሰኔማ ወፍራም ነው። ግባ።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነው። ጉልላት ጋቢውን ዘረጋና እጁን ሰደደ። ላቀው ግንበኛ የሚለካበትን ሜትሩን ሰጠው። ጉልላት የጋቢውን ወርድ ለክቶ ሲያበቃ የመለሰለት ሌላ ሜትር ነው፤ መልኩ አንድ፣ ዝገቱ አንድ። የላቀው ሜትር በውስጡ ከተጠቀለለችው ወረቀት ጋር ጉልላት ኪስ ውስጥ ገብታለች።

«መቼ?» አለ ጉልላት፣ ዓይኑን ከጋቢው ሳያነሳ።

«ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ቦዩ ወንዙ ዳር የሚወጣበትን ቦታ ስዬልሃለሁ። አፉ ላይ የብረት ፍርግርግ አለ። መጋዝ ያዙ።»

«ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ?»

«እኔና ዓምሃ። አሁን ደግሞ አንተ።»

የጉልላት እጅ ጋቢው ላይ ቀረ። ፊቱ የታመመ ሰው ፊት ሆነ።

«ምነው፣ አሞሃል እንዴ?»

«ጨጓራዬ ነው። ሂድ በቃ፣ ብዙ ቆየህ።»

ላቀው ሲወጣ ባለ ቡኒ ካፖርቱ የለም። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ ጫማውን የሚያስር መስሎ ወደ ኋላ አየ። የለም። አመለጥኩት ብሎ ደስ አለው። ደስ አለው እኮ! የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንኳ «ለምን ተወኝ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓምሃ የሃያ ስድስት ዓመት መምህር ነበር። አሁን ጉለሌ ውስጥ፣ ከዊንጌት በላይ ባለ አንድ ቪላ ታስሯል። አሥራ አራት ሰዎች በየጓዳው ደብቋል፤ የት የት እንዳሉ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ድርጅቱ የሚሠራው እንደዚህ ነው፤ አንዱ የያዘውን ሌላው አያውቅም። የተደበቁት ደግሞ ፎቶአቸው በየቀበሌው ስለተበተነ ደጅ መውጣት አይችሉም። ዓምሃ አፉን ከከፈተ አሥራ አራቱም በአንድ ቀን ያልቃሉ። አምስት ሳምንት ተገርፎ አልተናገረም። ስለ ስድስተኛው ሳምንት ግን ማን ዋስ ይሆናል?

ለላቀው የመጣለት ትእዛዝ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር። አውጣው። ካልቻልክ ዝም አሰኘው።

ቪላው የአንድ ባላባት ነበር፤ ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰ። ባላባቱ ሦስት የመዋኛ ገንዳ አሠርቶ ነበር። ሦስት! ሰፈሩ ውሃ በእንስራ ሲቀዳ፣ እሱ ለራሱ አንድ፣ ለልጆቹ አንድ፣ ለእንግዶቹ አንድ። ያሠራው ጣሊያን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበርና እያንዳንዱን በተለያየ ዓይነት ነው የጨረሰው። ትልቁ የእብነ በረድ ብናኝ በገባበት ነጭ ሲሚንቶ ተለስኗል። ክቡ የእንግዳ ገንዳ ባዶ ሲሚንቶ ሆኖ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። የልጆቹ ሴራሚክ ነው።

ላቀው ይህን ሙያ ከአባቱ ተምሯል፤ የሽፋን ታሪኩ አብዛኛው እውነት ነው። ሐሰቱ መታወቂያው ላይ ያለው «ሀብተ ጊዮርጊስ» የሚለው ስም ብቻ ነው። ገንዳ ማደስ ማለት ግድግዳ መለሰን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ተሳስቷል። ቀለም ቅብ ገንዳ ችግሩን አይደብቅም፣ ይላጣል፤ ፍቀህ ትቀባዋለህ። ሴራሚክ አስመሳይ ነው፤ ከላይ እያበራ ከሥር ለቆ ይቆይሃል። ልስን ደግሞ ስታንኳኳው እውነቱን ይነግርሃል። ላቀው በአራት ወር ውስጥ የአንድ ኤምባሲና የአንድ ሆቴል ገንዳ አድሶ ስም ያወጣው ለእንዲህ ያለ ቀን ብሎ ነው። ሻምበል ስለሺ ባለሙያ ሲያፈላልግ ሁለቱም ቦታ «ጋሽ ሀብቴን ጥሩ» አሉት።

ሻምበል ስለሺ የቪላው አዛዥ ነው። መርማሪም እሱ ነው። ሲስቅ ጥርሱ ያምራል።

«ቅዳሜ ከውጭ የመጡ አማካሪዎች እዚህ ይዋኛሉ» አለው በመጀመሪያው ቀን። «እነሱ ካልዋኙ አንተ ትዋኛለህ። ያለ ውሃ።»

«ይደርሳል ጓድ ሻምበል። ክቡን በአንድ ቀን እቀባዋለሁ። የትልቁን አሮጌ ልስን ግን አፍርሼ ነው የማወጣው። ሰው ያስፈልገኛል።»

«ሰው ሞልቶኛል» አለና የልጆቹን ገንዳ አሳየው።

ላቀው እዚያ ያየውን በሕይወቱ ሁሉ ለማንም አልተናገረም። ገንዳው ላይ ቆርቆሮ ተመትቶበታል። ከቆርቆሮው ሥር፣ ዓሣ በተሣለበት ሴራሚክ ላይ፣ ስድስት ሰዎች ተኝተዋል። ውሃ መውረጃዋ ቀዳዳ ሽንት ቤታቸው ነች። አንደኛው በተረከዙ እየተራመደ መጣ፤ ወፌ ላላ ተሰቅሎ የተገረፈ ውስጥ እግር መሬት አይችልም።

ያ ዓምሃ ነበር።

ጠባቂያቸው አስር አለቃ ዓለሜ ይባላል። እስረኞቹን ወደ ሥራ ሲያወጣም ሲያስገባም ጮክ ብሎ ይቆጥራቸዋል፤ «ስድስት!» ይላል። ከራት የተረፈውን ዳቦ በቆርቆሮው ሥር ሲያሾልክላቸው ላቀው ሁለት ጊዜ አይቶታል። እንዲህ ያለ ሰው እዚያ ምን ይሠራል ብትል፣ ደመወዝ ይበላል። አራት ልጆች አሉት።

ላቀው ዓምሃን በትልቁ ገንዳ ጥልቁ ጫፍ ላይ አሠማራው። መዶሻና ጠመኔ ሰጠው። ዓለሜ ከላይ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብሎ ያያል።

«አንኳኳ። እዚህ ምን ይላል?»

«ድፍን ነው።»

«እዚህስ?»

«ባዶ ነው።»

«የለቀቀ ልስን ነው። ጠመኔ አክብበት።» ከዚያ ድምፁን አወረደ። «ከዚህ ወለል ሥር በድንጋይ የተገነባ ቦይ አለ። በደረትህ ትሳብበታለህ። ወንዝ ያወጣል።»

ዓምሃ መዶሻውን አላቆመም። ጣቶቹ ላይ ጥፍር የለም።

«ማነህ?»

«ሲባጎ።»

«ስንት ቀን?»

«ሐሙስ።»

«ስማኝ ሲባጎ» አለ ዓምሃ እያንኳኳ። «እኔ ጀግና አይደለሁም። ትናንት አፌን ከፍቼ ነበር። ሻምበሉ ሲጋራ ሊለኩስ ዞር ባይል የመጀመሪያዋን ስም ተናግሬያት ነበር። ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ እጃቸው ከገባሁ ሁሉንም ነው የምናገረው። አልዋሽህም። እንዳይመልሱኝ።»

«አይመልሱህም።»

«ማል።»

«ጊዮርጊስን!»

«በምንም መንገድ?»

ላቀው ቀና ብሎ አየው። «በምንም መንገድ።»

ሻምበሉ እሮብ ማታ መጥቶ ባዶውን ገንዳ ዞረው። ላቀው ያን ጊዜም አስረዳው፤ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ።

«ጓድ ሻምበል፣ አዲስ ልስን በገባበት ቀን ውሃ ይፈልጋል። ካደረ ይሰነጠቃል። ውሃው አንዴ ከተጀመረ ደግሞ አይቆምም፤ ከቆመ ግድግዳው ላይ መስመር ይቀራል።»

«ገባኝ፣ ገባኝ። ነገ ትለስናለህ፣ ነገ ትሞላለህ።»

«ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ውሃ እለቃለሁ።»

«በቃ!» አለ ሻምበሉ። ረክቶ ሄደ።

ሐሙስ ቀትር ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። እስረኞቹ ከማለዳ ጀምረው ልስን አቡክተው፣ ተሸክመው፣ አቀብለው ደክመዋል። ከጥልቁ ጫፍ ወለል አንድ ሰው የሚያሾልክ ቦታ ብቻ ሳይለሰን ቀርቷል። በላዩ ላይ ባዶ ከረጢት ተከምሯል። ከከረጢቱ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ሥር ቀዳዳ።

ላቀው ቃሬዛ አዘጋጅቷል። በሸራ ሥር የአሸዋ ከረጢት አጋድሟል። ሁለት እስረኞች «ታመመብን» እያሉ ይዘውት ይገባሉ፤ ስድስተኛው ሰው እሱ ነው። ዓለሜ ሸራውን ከገለጠ ሁሉም ነገር አበቃ። ላቀው መሮውን እጅጌው ውስጥ ከቷል።

«ውረድ።»

ዓምሃ በደረቱ ወረደ። ለአንድ አፍታ እጁ ብቻ ወለሉ ላይ ቀረ። ላቀው ያዘው። እጁ ቀዝቅዟል።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትንቀሳቀስ። ፍርግርጉን ቆርጠው ይጠሩሃል።»

«እሺ።»

ድንጋዩ ወደቀ። ላቀው በልስን ማንኪያው፣ በካዞላው፣ ሲሚንቶውን አፈሰሰ፣ ደለደለ፣ አለሰለሰ። አራት ደቂቃ። ወለሉ ላይ ምንም የለም፤ ነጭ ነው።

ቃሬዛው ዓለሜ ፊት ደረሰ።

«ግቡ፣ ግቡ» አለ ዓለሜ።

ሸራውን አልገለጠም። አልቆጠረም። «ስድስት!» አላለም። ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ቆርቆሮውን ዘጋ።

ላቀው መሮውን ቦርሳው ውስጥ መለሰ። እግዚአብሔር አለ አለ በልቡ። ከዕድል ጋር የተገናኘ መስሎት እኮ ነው!

ስምንት ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ግድግዳ ጨረሰ። ከገንዳው በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ የእንጦጦ ምንጭ ውሃ የሚጠራቀምበት ትልቅ የድንጋይ ሲስተርና አለ። ሁለት መዝጊያ አለው። ላይኛው ውሃውን ወደ ገንዳው ይልካል። ታችኛው ሲስተርናው ሲታጠብ የሚከፈት ነው፤ ያለውን ሁሉ በቀጥታ ወደ ቦዩ ይደፋዋል። ላቀው የላይኛውን መዝጊያ ጨበጠ።

«ተው!»

ሻምበል ስለሺ በረንዳው ላይ ነው። ዩኒፎርሙን አውልቆ የሲቪል ልብስ ለብሷል።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ውሃ ልለቅ ነዋ ጓድ ሻምበል። ልስኑ አልቋል።»

«ውሃ ዛሬ አይለቀቅም።»

«እንዴ! ያድራል እኮ። ይሰነጠቃል። ቅዳሜ እንግዶቹ…»

«ይሰንጠቅ!» ሻምበሉ ደረጃውን በሩጫ ወረደ። «ነገ ትለቃለህ። ዛሬ አንዲት ጠብታ እንዳትወርድ። ሰማህ?»

ይህን ሲል ዓይኑ ሄደ። ለቅጽበት ያህል ብቻ፣ ወደ ጥልቁ ጫፍ፣ ወደ ወለሉ።

ላቀው እጁ ብረቱ ላይ ደረቀ።

ያውቃል።

ከሥር ሰው እንዳለ ያውቃል።

«እሺ ጓድ ሻምበል» አለ። እጁን ከብረቱ አነሳ።

ገንዳ ሲሞላ ቦዩ ውስጥ ጠብታ አይገባም። ማንኛውም ገንዳ ለሳኝ ይህን ያውቃል። ሻምበሉ አያውቅም። ላይኛው መዝጊያ ሲከፈት ውሃው ወለሉን አልፎ ዓምሃን የሚያሰምጥበት መስሎት ነው የደነገጠው። ሬሳ አይፈልግም። ዓምሃን በሕይወት ይፈልገዋል፤ ቦዩን አቋርጦ፣ ፍርግርጉ ተቆርጦለት፣ ነጻ ወጣሁ ብሎ እንዲሮጥ ይፈልገዋል። አምስት ሳምንት ገርፎ ያላገኘውን አሥራ አራት ሰው ዓምሃ በራሱ እግር ይዞት እንዲሄድ።

ለዚህ ነው ዓለሜ እንዳይቆጥር የታዘዘው።

ከዓምሃ በቀር ቦዩን አስቀድሞ ለማን ነገረ? ለአንድ ሰው።

ጉልላት!

ሻምበሉ ወደ መኪናው ሄደ። ወታደሮቹ ሁሉ የሲቪል ልብስ ለብሰው ከኋላው ተጫኑ። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ላቀው ልብሱን ለየው። ቡኒ ካፖርት።

«ዓለሜ!» አለ ሻምበሉ በመስኮት። «እስክመለስ ባለሙያው ከግቢ አይወጣም። አንተም ከበሩ አትለይ። ሻይ አጠጣው፤ ማታ ብዙ የምንጫወተው አለን።» ጥርሱ አማረ። መኪናው ወደ ወንዙ ቁልቁል ወረደ።

ስምንት ሰዓት ከሃያ።

ላቀው ጭንቅላቱ ውስጥ በሮችን ሁሉ አንኳኳ። ልስኑን አፍርሶ ዓምሃን ያውጣው? ዓለሜ ክላሹን ይዞ እያየው ነው። ዓለሜን ገደለው እንበል፤ በተረከዙ የሚሄድ ሰው ይዞ ጉለሌን እንዴት ይሻገራል? በየመታጠፊያው አብዮት ጥበቃ ቆሟል፤ ከመያዝ አያልፍም። ከተያዘ ይናገራል። አልዋሸም፤ እናገራለሁ ብሎታል። ለአሥራ አራቱ መልእክት ይላክላቸው? የት እንዳሉ አያውቅም። ዓምሃን በድንጋዩ በኩል ጠርቶ ቤቶቹን ይጠይቀው? ዓለሜ አሥር እርምጃ ላይ ነው።

ስምንት ከሠላሳ።

በምንም መንገድ ብሎ ምሏል። እንዲህ ያለው መሐላ ሲምሉት ይቀላል፤ አፍ ነውና።

ታችኛው መዝጊያ ረጅም የብረት ዘንግ አለው። ሲነሳ ይከፈታል፤ ካልተያዘ በራሱ ክብደት ወርዶ ይዘጋል። በድንጋይ ማስደገፍ ይቻል ነበር። ዓለሜስ? ዓለሜ በሩ ላይ ከነጠመንጃው አለ። ሁለቱንም ነገር በአንድ ጊዜ መጨረስ ያስፈልጋል፤ ላቀው ደግሞ ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለው።

የዓለሜ ሁለት እጆች አሉ።

«አስር አለቃ! እስቲ አንዴ ና።»

«ምነው ጋሽ ሀብቴ?»

«ይህን ሲስተርና ካላጠብኩት ነገ የሚለቀቀው ውሃ ጭቃ ነው። ነጩን ልስን ያበላሽብኛል። ከዚያ ሻምበሉ እኔንም አንተንም…»

«ውሃ እንዳይለቀቅ ብለዋል እኮ።»

«ወደ ገንዳው ነዋ ያሉት! ይሄ ወደ ወንዝ ነው የሚሄደው። እየው ገንዳውን፣ ጠብታ ከገባበት በጥፊ ምታኝ።»

ዓለሜ ገንዳውን አየ። ላይኛውን መዝጊያ አየ፤ ተዘግቷል። ቅን ሰው ነው፤ ያየውን ያምናል።

«ምን ላድርግ?»

«ይህን ዘንግ ከፍ አድርገህ ያዝልኝ። በሁለት እጅህ። እኔ ከላይ ገብቼ ጭቃውን በአካፋ እገፋለሁ። እንዳትለቀው! ከለቀቅከው በውሃው ግፊት ይሰበራል።»

ዓለሜ ክላሹን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ዘንጉን በሁለት እጁ ወደ ላይ ገፋ።

ምድር ውስጥ የሆነ ነገር ጮኸ። ውሃው ነው። ሰኔ ሙሉ የተጠራቀመ የእንጦጦ ውሃ፣ ጎንበስ ብሎ እንኳ በማያስኬድ ቦይ ውስጥ። የቦዩ አፍ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ከገንዳው በታጠበ ፍርስራሽ ግማሹ ተደፍኗል።

ላቀው አካፋ ይዞ ወደ ላይ የሚሄድ መሰለ። በገንዳው ጠርዝ በኩል ዞረ።

ጓ።

ቆመ።

ጓ፣ ጓ፣ ጓ።

ከወለሉ ሥር ነው። ከነጩ፣ ካልደረቀው ልስን ሥር። ዓምሃ ወደ ገባበት ተመልሶ ነው የሚያንኳኳው። በድንጋይ ነው፤ ወይም በክንዱ። አዲሱ ልስን ላይ ቀጭን ስንጥቅ ወጣ፣ እንደ ፀጉር። ድንጋዩ ግን ከባድ ነው፤ ላቀው ራሱ ነው የመረጠው።

«ጋሽ ሀብቴ!» ዓለሜ ከላይ ጮኸ። «የሚያንኳኳ ነገር አለ!»

«አየር ነው!» አለ ላቀው። «ቧንቧው ውስጥ አየር ሲገባ እንደዚያ ያደርጋል። እንዳትለቅ!»

«እሺ!»

ጓ፣ ጓ።

ላቀው እስኪያልቅ ቆመ። መሄድ ነበረበት፤ እያንዳንዱ ደቂቃ ነፍሱ ነው። ግን አልሄደም። ሰውየው ማንም ሳያውቅለት ብቻውን እንዳይሞት ነው ቢል ደስ ይለዋል። እውነቱን ለመናገር መሄድ አልቻለም። አፉ ውስጥ የሲሚንቶ ጣዕም መጣበት። መሐላውን በበላ፣ ሲኦል በገባ፣ ይህን ድምፅ ባልሰማ።

ከዚያ ማንኳኳቱ ቆመ።

«ቆመ ጋሽ ሀብቴ!»

«ጥሩ ነው። ትንሽ ያዘው።»

ወደ በሩ ሄደ። መወርወሪያውን አነሳ። አልሮጠም። ከኋላው ዓለሜ ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ሲስተርናው አዙሮ፣ «ይበቃል ወይ?» እያለ ይጠራ ነበር።

ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሱቁ ክፍት ነው። ጉልላት ወንበር ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። ላቀውን ሲያይ ተነሳ፣ መልሶ ተቀመጠ።

«እንዴት ወጣህ?» አለ።

«ይዘውኛል ብለህ ነው የጠበቅከው?»

የላቀው እጅ ቦርሳው ውስጥ፣ መሮው ላይ ነው። ለዚህ ነው የመጣው። መንገዱን ሁሉ ሲያስብ የመጣው ይህንኑ ነው፤ ከጎድን በታች፣ አንዴ፣ ጋቢ ይጥልበታል፣ ይወጣል።

«ዓለምፀሐይን ይዘውብኝ ነው» አለ ጉልላት። «ልጄን። ሦስት ሳምንቷ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው ላቀው፣ ምንም የምታውቀው ነገር የለም። ዓምሃ ዛሬ ቤቶቹ ጋ ካደረሳቸው ማታ በራቸው ላይ ተረከባት አሉኝ። ምን ላድርግ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ንገረኝ እስቲ!»

ላቀው መሮውን ለቀቀ።

«ዓምሃ ሞቷል» አለ።

ጉልላት መጀመሪያ አልገባውም። ቆየት ብሎ ሲገባው አፉ ተከፈተ። «አይደለም» አለ። «አይደለም፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወጣል። ዘጠኝ ሰዓት ነው ያልከው።»

«ቦዩ ውስጥ ነው የቀረው። ማንንም ቤት አያደርስም።»

«እሷስ? ልጄስ?» ጉልላት የላቀውን ኮት ጨምድዶ ያዘ። «እነሱ እኮ እኔ ያስመለጥኩት ነው የሚመስላቸው! ያታለልኳቸው ነው የሚመስላቸው! ላቀው! ልጄን ምን ያደርጓታል?»

ላቀው ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀ። እሱን መግደል ምሕረት ይሆንለት ነበር፤ ይህንንም ያውቃል።

«ማታ አይደል ያሉህ?» አለ። «እንግዲህ ጠብቃት።»

ወጣ። ከኋላው የሰማው ለቅሶ አልነበረም፤ እንደ ሳል ያለ ነገር ነው። ጎረቤት ያሉት ባለሱቆች ቀና ብለው አይተው መልሰው ጋቢያቸውን ማጠፍ ያዙ። በዚያ ዘመን ማንም ምን ሆነህ ነው ብሎ አይጠይቅም።

በሐምሌ መጨረሻ ላቀው ሌላ ስም አለው። መታወቂያው ላይ ስብሐት ይላል። ፂሙን አሳድጓል፤ የአንድ ክበብ ቀለም ቅብ ገንዳ እየፋቀ ነው። ልስን አልሠራም ብሏል፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀው የለም። አስር አለቃ ዓለሜ በማግስቱ እዚያው ግቢ ውስጥ መረሸኑን ሰምቷል። አራቱ ልጆች የት እንደደረሱ አልሰማም። ስለ ዓለምፀሐይም የሰማው የለም። የጉልላት ሱቅ ታሽጓል።

ስለ አሥራ አራቱ ግን ሬዲዮው ምንም አላለም። ጋዜጣው «ተደመሰሱ» አላለም። ድርጅቱም መልእክት አልላከም፤ የሚልክ ሰው መኖሩም እንጃ። ተርፈዋል ማለት ነው። ላቀው እንደዚያ ብሎ ወስኗል፤ ካልወሰነ ማደር አይችልም።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ አውቶቡሱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። ላቀው አቧራ እንደለበሰ መሃል ቆሞ ፊቶችን ማየት ጀመረ። ይህን ልማድ በቅርብ ነው ያመጣው። መስኮቱ ጋ ባርኔጣውን ዓይኑ ድረስ ያወረደ ወጣት አለ። እሱ ይሆን? ሻሽ ያሰረችው፣ ማንንም የማታየው ልጅ? ከሾፌሩ ኋላ ያለው መነጽራም? አይቷቸው አያውቅም፣ ስማቸውን አያውቅም፤ እነሱም እሱን አያውቁትም። መንገድ ላይ ቢገፉት ይቅርታ ይሉት ይሆናል፣ ወይም አይሉትም።

አውቶቡሱ ፍሬን ሲይዝ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ላይ ወደቀ።

«አንተ! ምን ዓይነት ሰው ነህ! ቀሚሴን ኖራ በኖራ አደረግኸው እኮ! ዓይን የለህም?»

«ይቅርታ እመቤት።»

«ይቅርታ! ይቅርታ ልብስ ያጥባል? ከሰው መሃል ገብተህ እንዲህ ሆነህ አታፍርም? ሰው መሆንህንስ በምን እንወቅ?»

ላቀው ፊቷን አየ። አምሳ ዓመት ይሆናታል፤ ግንባሯ ላይ ጠባሳ አለ። እሷም ልትሆን ትችላለች። ጠጋ ብሎ «አንድ ሰው ነበር፣ ዓምሃ ይባላል» ሊላት ፈለገ።

«እውነትዎን ነው» አላት።

ጳውሎስ ሲደርሱ ወረደ። አውቶቡሱ ሲነሳ ሴትዮዋ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ገና እየሰደበችው ነበር፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ማንን እንደሆነ ለማየት ዞሩ፤ ግን ከወረደው ሰው መሃል ሊለዩት አልቻሉም።